ንቧ አለች፦ እጥበት ላይ ያለ ጓደኛችንን ያገዝንበት የ17 ወር ጉዳይ

ጠዋት 12፡30 ገደማ ስልኬ ላይ አንድ መልእክት ይገባል። ሁለት ቃል ብቻ ነው። «ንቧ አለች።» እኔም «ተመስገን» ብዬ እመልሳለሁ። ከአምና ኅዳር ጀምሮ በየቀኑ እንዲህ ነው። በዓል ቢሆን፣ ለቅሶ ቢሆን፣ መብራት ቢጠፋ አይቀርም።

ንቧ ምን እንደሆነች ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ጉዳዩን የምጽፈው በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ሰው ደውሎ ያንኑ ጥያቄ ስለጠየቀኝ ነው፤ «ጓደኛዬ የኩላሊት እጥበት ሊጀምር ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?» ለሦስቱም የተናገርኩት እንዳይረሳ አንድ ቦታ ይቀመጥ ብዬ ነው። ጓደኛችን አንብቦታል። ሁለት ነገር አውጣ አለኝ፣ አውጥቻለሁ። ስሙም፣ የእኛም ስም፣ የታከመበትም ቦታ አልተጻፈም።

ሰውየውና ሕመሙ

39 ዓመቱ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው። የሚያስተምረው ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለች ትንሽ ከተማ ነበር። እሱን ጨምሮ አምስት ነን፤ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ አብረን ያደግን። አራታችን ባሕር ዳር ነን። አንዷ ምግብ ቤት አላት፣ አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዱ ባንክ ይሠራል፣ እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የጤና ባለሙያ አንድም የለንም። ይህን የምለው እኛ ያደረግነውን ማንም ሊያደርገው እንደሚችል ለማሳየት ነው።

ነገሩ የጀመረው ከደም ግፊት ነው። ከዓመታት በፊት ግፊትህ ከፍ ብሏል ተብሎ መድኃኒት ተሰጥቶት ነበር። ሁለት ወር ወሰደና ተወው። «ራሴን ካላመመኝ ለምን እውጠዋለሁ?» ይል ነበር። ችግሩ ግፊት አለማመሙ ነው። ዝም ብሎ የኩላሊትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲያበላሽ ይከርማል። በመጨረሻ ጠዋት ጠዋት ፊቱ ያብጥ ጀመር፣ ጫማው ጠበበው፣ ምግብ ሲሸተው ያስመልሰዋል። አንድ ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብሎ ለሦስት ወር መድኃኒት ሰጠው። ሌሊት ተኝቶ መተንፈስ ሲያቅተው ባሕር ዳር አመጣነው። ደሙ ሲመረመር ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ለማቆም ተቃርበው ነበር። አምና ጥቅምት አንገቱ ላይ ቱቦ ገብቶለት እጥበት ተጀመረ።

የ160 ሰዓቱ ችግር

እጥበት ማለት ደሙ በማሽን ተጣርቶ ወደ ሰውነት የሚመለስበት ሕክምና ነው። አንዱ ዙር አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። የሚመከረው በሳምንት ሦስት ቀን ነው። እሱ ግን አቅሙ የፈቀደው ሁለት ቀን ነው። እንግዲህ አስሉት። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ማሽኑ የሚያግዘው 8ቱን ሰዓት ብቻ ነው። በቀሪው 160 ሰዓት የጠጣው ውሃ፣ የበላው ጨው፣ ከፍራፍሬና ከአትክልት የሚገባው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ሁሉ ሰውነቱ ውስጥ ተጠራቅሞ ይጠብቃል። ውሃው ሳንባ ላይ ይወጣል። ፖታሲየሙ ልብን ሊያቆም ይችላል፣ ያውም ብዙ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ።

እኛ ይህን አናውቅም ነበር። ወንድማችን ሆስፒታል ሄደ፣ ማሽኑ ሥራውን ይሠራል፣ የእኛ ድርሻ መጠየቅና ገንዘብ ማዋጣት ነው ብለን ነበር።

የመጀመሪያው ወር፣ ብዙ ሰውና ብዙ ሙዝ

በመጀመሪያው ወር ቤቱ ሰው አልለየውም። ዘመዱ፣ ተማሪው፣ የማኅበር ሰው ሁሉ ይመጣል። በባዶ እጅ በሽተኛ አይጠየቅምና ሁሉም ፌስታል አንጠልጥሎ ነው የሚመጣው። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶ። እኛም እንዲሁ። እኔ ራሴ ሁለት ኪሎ ሙዝ ይዤ የገባሁበትን ቀን አስታውሳለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ለእጥበት ሲሄድ እግሩ አልታዘዝ አለው። ደረጃ መውጣት አቃተው። የልብ ምርመራ አነሱት፣ ቶሎ ማሽኑ ላይ አወጡት። ነርሷ ወደ እኛ ዞራ «ትናንት ምን በላ?» አለች። ማታ የአቮካዶ ጁስ፣ ጠዋት ሁለት ሙዝ። ዝም ብላ አየችን። ከዚያ «ለእናንተ ፍራፍሬ ነው፣ ለእሱ አሁን መርዝ ነው» አለች። ፖታሲየም የሞላባቸውን ነግራን ጻፍን፤ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶ፣ ቲማቲም፣ ድንች። የበሽተኛ መጠየቂያ ብለን የምናውቀው ሁሉ ማለት ይቻላል።

በሁለተኛው ወር ሰው ቀነሰ። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ኑሮ ነው። እኛም ስንመጣ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ «ምን እናግዝህ?» እሱም የሚመልሰው አንድ ነው፤ «ኧረ ምንም፣ እግዜር ይስጥልኝ።» የጎጃም ሰው ቸግሮኛል ብሎ አይናገርም። ጥያቄያችን ራሱ ሸክም ሆነበት፤ ታሞም እያለ ለእኛ ሥራ የሚፈልግልን እሱ ሊሆን ነው።

የእኔ ትልቅ ዕቅድና አወዳደቁ

ሥራዬ ሰንጠረዥ ነውና ሰንጠረዥ ሠራሁ። ዘጠኝ ሥራ፣ አራት ሰው፣ ሰባት ቀን። ሰኞ ምግብ እከሌ፣ ማክሰኞ መድኃኒት እከሌ፣ ረቡዕ ልጆቹን ከትምህርት ቤት እከሌ፣ እያለ ይሄዳል። አትሜ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። የመጀመሪያው ሳምንት ግሩም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ቀን መለዋወጥ ተጀመረ። በሦስተኛው ሁለት ቀን ማንም ሳይመጣ ቀረ፣ እያንዳንዳችንም ሌላው ሄዷል ብለን ነበር። ሚስቱ ምንም አላለችንም። ወረቀቱን ግን ከግድግዳው አንስታ አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። ያን ቀን አፈርኩ።

በኋላ ሳስበው ስህተቱ ግልጽ ነው። ሰንጠረዡ ለእያንዳንዳችን በየሳምንቱ የተለያየ ሰዓት፣ የተለያየ ሥራ ይሰጥ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር መቼም ልማድ አይሆንም። ሁልጊዜ ማስታወስ ይጠይቃል፣ ሁልጊዜ መወሰን ይጠይቃል። የደከመው ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚተወው መወሰንን ነው።

ባጃጁ ያስተማረን

የሚገርመው አንድ ነገር ሳይቋረጥ ቀጥሎ ነበር፣ እሱም ሰንጠረዡ ላይ አልነበረም። ቤተሰቡ እዚሁ ባሕር ዳር ቤት ተከራይቶ ነበርና፣ ባጃጅ የሚነዳው ጓደኛችን ጠዋት ጠዋት ተማሪ የሚያደርሰው በዚያው ሰፈር በኩል ነው። ልጆቹን አውርዶ ሲመለስ ሦስት ደቂቃ ይቆማል፣ ይገባል፣ «እንዴት አደርክ? ሚዛኑ ላይ ውጣ» ይለዋል። ክብደቱን ያነባል፣ ይሄዳል። ሻይ እንኳ አይጠጣም። ይህ አንድም የትምህርት ቀን አልተዘለለም።

ለምን? ብለን ተቀምጠን አወራን። መልሱ ቀላል ነበር። እሱ አዲስ ሰዓት አልፈለገም። ድሮም የሚያደርገው ነገር ላይ አንድ ትንሽ ነገር አንጠለጠለ። ልጆቹን ማውረድ ራሱ ማስታወሻው ሆነ።

ያኔ ሁላችንም አንድ አንድ ነገር ብቻ እንድንይዝ፣ ያንንም በየቀኑ ከምንሠራው ነገር ጋር እንድናስር ተስማማን። ባለ ምግብ ቤቷ ድስቱን ወሰደች። ባንክ የሚሠራው ደመወዝ በገባበት ቀን የአራታችንን መዋጮ ሰብስቦ የእጥበቱን ይከፍላል፣ የወሩን መድኃኒት ይገዛል፤ ስለ ገንዘቡ ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ እንደ ዕቁብ ነው፣ ቀኑ ካልተዛነፈ ይሄዳል። እኔ ንቧን ወሰድኩ።

21 ቀን ከሠራህ ልማድ ይሆናል የሚባል ነገር አለ። እኛ አካባቢም በቴሌግራም ይዞራል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት ግን ሌላ ነው የሚለው። አንድ ነገር ሳያስቡት የሚሠራ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል፤ እንደ ሰውና እንደ ነገሩ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ልማዱን አያፈርሰውም። ለእኛ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የደከምነው ሰነፎች ሆነን ሳይሆን ገና ስላልደረስን ነው። እኔ መልእክቷን ሳላስብ መጠበቅ የጀመርኩት ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ነው።

ጥማት ከድስቱ ይጀምራል

ሐኪሙ የፈቀደለት በቀን አንድ ሊትር ፈሳሽ ነው። ውሃ ብቻ አይደለም፤ ሻይ፣ ቡና፣ ሾርባ፣ ወተት ሁሉ ተደምሮ። (የሌላ ሰው መጠን ሌላ ነው፣ ሐኪሙ ነው የሚወስነው።) የጠጣው አንድ ሊትር ሚዛን ላይ አንድ ኪሎ ሆኖ ይታያል። ደረቅ ክብደቱ፣ ማለት ውሃው ወጥቶ ሲያልቅ የሚመዝነው፣ 58 ኪሎ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ለእጥበት ሲሄድ 62 ይመዝን ነበር። አራት ኪሎ ውሃ በአራት ሰዓት ሲወጣ ሰውየው ይፈርሳል። ግፊቱ ይወርዳል፣ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ያን ቀን ሙሉ ሬሳ ሆኖ ይውላል።

ውሃ አትጠጣ ማለት ቀላል ነው። ጥማቱስ? ጥማቱ የሚመጣው ከጨው ነው። ባለ ምግብ ቤቷ ለሁለት ሳምንት ያለ ጨው ሠርታ አመጣችለት። ጥማቱ ግን አልቀነሰም። ግራ ገባት። አንድ ቀን የሽሮ ዱቄቱን በጣቷ ቀመሰችው። ጨው አለው። በርበሬውም እንዲሁ። ለካ ሲፈጭ ጨው አብሮ ገብቶበታል። ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው፣ ማንም ግን አላሰበውም። ለእሱ የሚሆን ሽሮና በርበሬ ያለ ጨው አስፈጨች፣ ማሰሮው ላይ ቀይ ክር አሰረች። ድንች ካማረው ተልጦ፣ ተቆራርጦ፣ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ይደፋል፣ ፖታሲየሙ ከፊሉ አብሮ ይሄዳል። በእጥበት ላይ ያለ ሰው ፕሮቲን ያስፈልገዋልና እንቁላልና የጣና ዓሣ ጨመረችለት።

ሚስቱ ሁለት ድስት መጣድ ሰልችቷት ነበር። ስለዚህ ለቤቱ ሁሉ ያለ ጨው ይሠራ፣ የፈለገ ማዕድ ላይ ይነስንስ ተባለ። ልጆቹ አንድ ሳምንት አኮረፉ። ከዚያ ለመዱት።

ቡናው ከባድ ነበር። እናቱ ከገጠር መጥተው ቤቱን ይዘዋል። እማማ ካሉ ቡና አለ። አቦል ጠጥቶ ቶና አልፈልግም ማለት ለእሳቸው እንደ መኳረፍ ነው። ያገኘነው መላ ይህ ነው። ጠዋት አንድ ሊትር ጠርሙስ ውሃ ይሞላል። አንድ ሲኒ ቡና ሲጠጣ አንድ ሲኒ ውሃ ከጠርሙሱ ይደፋል። ሻይ ሲጠጣም እንዲሁ። ጠርሙሱ ባዶ ከሆነ ቀኑ አለቀ። የሚደፉት እማማ ናቸው፣ በረንዳው ላይ ያለችው ጤና አዳም ሥር። «አንተ ስትጠጣ እሷም ትጠጣ» ይሉታል። ጤና አዳሟ ወፍራለች። ያልተማሩት እናቱ ከሁላችን በላይ ሒሳቡን የያዙት በዚህ ጠርሙስ ነው።

ጠበልና ጾም

ይህ ክፍል ባይጻፍ ጉዳዩ ጎደሎ ይሆናል። ታኅሣሥ ላይ እማማ ልጄን ግሽ ዓባይ እወስደዋለሁ አሉ። ተጠምቆ፣ ጠበል ጠጥቶ ይድናል። ያን ጊዜ ቱቦው አንገቱ ላይ ነበር። ቱቦው ከረጠበ ጀርም ቀጥታ ወደ ደም ይገባል። ጠበል ደግሞ በሲኒ አይጠጣም፤ ሰው በጆግ ነው የሚጠጣው። ባንክ የሚሠራው ጓደኛችን «እማማ፣ ይሄ ይገድለዋል» አላቸው፣ እንዲሁ ፊት ለፊት። እሳቸው ተነስተው ወጡ። ሁለት ቀን አላናገሩንም። ሐሳቡ ትክክል ነበር፣ አነጋገሩ ግን የእናትን እምነት ከልጇ ሕይወት ጋር አጣላ። ይህን ያህል የተሳሳትንበት ሌላ ቦታ የለም።

ያስታረቁን የንስሐ አባታቸው ናቸው። ሄደን አስረዳናቸው፤ ቱቦውን፣ ሊትሩን፣ ሁሉንም። አዳምጠው ቤት መጡና እማማን «ልጄ፣ ጠበል በሊትር አይለካም። በእምነት ከሆነ ጠብታውም ጠበል ነው» አሏቸው። ከዚያ በኋላ እማማ ግሽ ዓባይ ራሳቸው ሄደው አንድ ትንሽ ጠርሙስ ይዘው መጡ። ጠዋት በባዶ ሆዱ አንድ ማንኪያ ይቀምሳል፣ ግንባሩን በመስቀል ምልክት ይቀቡታል። ማንኪያዋም ከጠርሙሱ ትቀነሳለች። እማማ ራሳቸው ናቸው ትቀነስ ያሉት።

ዐቢይ ጾም ሲገባም የንስሐ አባቱ ደረሱልን። 55 ቀን በሽሮና በምስር እወጣዋለሁ ብሎ ነበር። እንደ ወትሮው ብጾም ይቀለኛል፣ ሰው መሆኔ ይሰማኛል አለ። የንስሐ አባቱ እንቁላሉን እንደ መድኃኒት ቆጥረህ ብላ፣ ጾምህን በጸሎት ጹም ብለው ፈቀዱለት። እኛ አንድ ወር ሙሉ ብንለምነው አይሰማንም ነበር።

ንቧ

ኅዳር መጨረሻ ላይ ግራ ክንዱ ላይ ቀዶ ሕክምና ተሠራለት። ደም ቅዳውን ከደም መልስ ጋር ያገናኙታል። ሥሩ በሳምንታት ውስጥ እየወፈረ ይሄድና መርፌው በዚያ ይገባል፣ የአንገቱ ቱቦ ይወጣል። ፊስቱላ ነው የሚሉት፤ ከወሊድ ጋር ከሚያያዘው ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኘው። በዚያ ክንድ ግፊት አይለካም፣ ደም አይቀዳም፣ ከባድ ዕቃ አይነሳም፣ ተደግፎ አይተኛም።

ጣትህን ስታስቀምጥበት ይንዘረዘራል። አንድ ቀን እጄን ይዞ ክንዱ ላይ አስቀመጠውና «አየሃት? ቆርቆሮ ውስጥ የገባች ንብ ትመስላለች» አለኝ። ንዝረቱ ከጠፋ ሥሩ ተደፍኗል ማለት ነው፣ ያኔ በሰዓታት ውስጥ ካልተደረሰ ወደ አንገት ቱቦ መመለስ ነው። ስለዚህ ነርሷ በየጠዋቱ ዳብሰው አለችው። እሱ ደግሞ በየጠዋቱ ሕመሙን መዳበስ አስጠላው። «ለእኔ ንገረኝ» አልኩት። ሕጉ ይህ ነው፦ ዳብሶ ይልካል። እስከ 1፡00 ካልላከ እደውላለሁ። ካላነሳ ለሚስቱ እደውላለሁ። ምን እናድርግ ተብሎ የሚታሰብበት ነገር የለም፣ አስቀድሞ ተወስኗል።

ፖሊስ የሆንበት ጊዜ

ሁሉም ነገር ሲስተካከል አንድ ነገር ተበላሸ። የካቲት ላይ ክብደቱ እንደገና መጨመር ጀመረ። ጠርሙሱ በሰዓቱ ያልቃል፣ ሚዛኑ ግን ሦስት ኪሎ ተኩል ያሳያል። ሚስቱ በኋላ ነገረችን። ሌሊት ተነስቶ ከቧንቧ ይጠጣል።

ተቆጣን። ግሩፑ ላይ ጻፍንበት። «ልጆችህን አታስብም?» ያለ ሁሉ ነበር። እሱም ከግሩፑ ወጣ። ጠዋት ባጃጁ ሲመጣ ተኝቻለሁ ማለት ጀመረ።

ነገሩን የገለጠልን ታናሽ ወንድሙ ነው። «አያ እኮ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ፈተና የወደቀ ተማሪ ነው የሚመስለው» አለን። እውነቱን ነው። ለምዝገባ የጀመርነው ነገር ፍርድ ቤት ሆኖ ነበር። ይቅርታ ጠየቅነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ራሱ በደብተር ይጽፋል፣ ባጃጁ ይቆማል ግን ስለ ኪሎ አያነሳም፣ ቁጥሩን የሚያየው እጥበት ክፍል ያለችው ነርስ ናት። ጥማቱን ደግሞ አፉን በቀዝቃዛ ውሃ ተጉመጥሙጦ መትፋት፣ ትንሽ በረዶ መምጠጥ ረዳው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጭማሪው ወደ ሁለት ኪሎ ወረደ።

የጨለመው ሚያዝያ

ከፋሲካ በኋላ አንድ ማታ «እጥበቱ ቢቀርብኝስ?» አለ። እኛም እንደ ልማዳችን ተረባረብን። አይዞህ፣ እንዲህ አይባልም፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ትድናለህ። ዝም አለ። ሁላችንም አጽናንተነው የወጣን መሰለን። በማግስቱ ባጃጅ የሚነዳው ብቻውን ተመልሶ ሄደና አንድ ጥያቄ ጠየቀው፤ «ከሁሉ የሚከብድህ የትኛው ነው?» መርፌው አይደለም አለ። ድካሙም አይደለም። «ሁላችሁም ለእኔ ትሠራላችሁ። እኔ ለማንም አልሠራም።»

ለነርሷ ነገርናት፣ እሷም የሚያነጋግረው ባለሙያ አገኘችለት፣ ያ በጣም ጠቅሟል። እኛ ያደረግነው ደግሞ የሰፈሩን የስምንተኛ ክፍል ልጆች ማምጣት ነው። ክልላዊ ፈተና ደርሶባቸው ነበር። እጥበት በሌለበት ቀን ከሰዓት 10፡00 ላይ በረንዳው ላይ ሒሳብ ያስተምራቸዋል፣ አንድ ሰዓት ብቻ። ስድስት ሆነው ጀመሩ፣ አሥራ አንድ ደረሱ። መጀመሪያ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ በሦስተኛው ሳምንት ጠመኔ ይዞ ቆሞ አገኘሁት። ሌሊት ሌሊት ወደ ቧንቧው መነሳቱም ከዚያ በኋላ ቀረ ትላለች ሚስቱ።

እጥበት ቀን ተራውን ሲጠብቅ ዳማ እንጫወታለን። ካርቶን ላይ የተሰመረ፣ በለስላሳ ቆርኪ። ስለ በሽታ አይወራም። ይህን ማንም ሕግ አላወጣውም፣ እንዲሁ ሆነ።

ንቧ የደከመችበት ጠዋት

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ሻይ ጥጄ መልእክቱ ገባ። ሳላየው «ተመስገን» ብዬ ላክሁ። እጄ ለምዷል። ሻዩን ቀድቼ ስመለስ ደግሜ አየሁት። የተጻፈው «ንቧ ደክማለች» ነው።

ሌሊቱን ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው አድሯል። ደወልኩ፣ ባጃጁ አሥር ደቂቃ ውስጥ ደረሰ። ግፊቱ 80 በ50 ወርዶ ነበር። ፈሳሹን በጥንቃቄ እየመጠኑ ሰጡት፣ ግፊቱ ሲነሳ ንዝረቱም ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ትንሽ ብትቆዩ ይደፈን ነበር አሉን። እሱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ተሸፋፍኜ እተኛ ነበር ይላል። ልማዱ ያዳነው እውነት ነው። እኔ ግን ያቺን ሳላነብ የላክኋትን «ተመስገን» አልረሳትም። የለመድነውን ነገር ማየት እንተዋለን። ከዚያ ቀን ወዲህ መልሴን እየቀያየርኩ ነው የምጽፈው፣ ካላነበብኩ መመለስ እንዳልችል።

ለሌላ ሰው የምሰጠው

ለሚደውሉልኝ የምነግራቸው እንዲህ ነው። «ምን ላግዝህ?» አትበሉት። አንድ ነገር ምረጡ፣ ትንሽ ትሁን፣ ድሮም በየቀኑ ከምትሠሩት ነገር ጋር እሰሯት፣ ንገሩትና ጀምሩ። አንድ ቀን ካመለጣችሁ በማግስቱ ቀጥሉ እንጂ ይቅርታ ስትደረድሩ አትክረሙ። ሁለት ወር እስኪያልፍ ይከብዳል።

ልትጠይቁ ስትሄዱ ሙዝ አትያዙ። እጥበት ላይ ላለ ሰው እንቁላል ያዙ፣ ወይ ለሚስቱ ሳሙና፣ ወይ ለልጆቹ ደብተር። እሷን ማገዝ እሱን ማገዝ ነው፤ እኛ ይህን ያወቅነው በጣም ዘግይተን ነው፣ ሚስቱ አምስት ወር ሙሉ እንቅልፍ ሳታገኝ ማንም አልጠየቃትም።

የሃይማኖት ነገር ከመጣ ከእናት ጋር አትከራከሩ፣ የንስሐ አባት ጋ ሂዱ። መዝግቡ፣ ግን አትፍረዱ። የሚሰጠው ነገር ፈልጉለት፣ የሚቀበለው ብቻ አይሁን።

እና ግፊታችሁን ተለኩ። ለእሱ የገዛነውን መለኪያ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለጨዋታ ብለን እኛም ተለካንበት። ከአራታችን ሁለታችን ከ140 በ90 በላይ ነበርን። የእኔ 152 በ96። አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም። አሁን መድኃኒቴ ከሻይ ቆርቆሮው አጠገብ ነው፣ ጠዋት መልእክቱን አንብቤ እውጣለሁ።

አሁን ያለበት

ሁለተኛውን ዐቢይ ጾም ይዘናል። ወደ ክፍል ገና አልተመለሰም፣ በረንዳው ግን በሳምንት አራት ቀን ተማሪ አለው። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል፣ ለጋሹም ብዙ ጊዜ የሥጋ ዘመድ ነው። ታናሽ ወንድሙ እኔ አለሁ ብሏል። የደም ዓይነታቸው ገጥሟል፣ ሌሎቹ ምርመራዎች ይቀራሉ። ሊሳካም ላይሳካም ይችላል። እማማ ጤና አዳሟን ወደ ትልቅ ማሰሮ አዛውረዋታል።

ዛሬ ጠዋት መልእክቱ የገባው 12፡34 ላይ ነው። ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ መለስኩለት።